«ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ»፦ ማክስ_ኮኔክሽንስን ወደ 500 ከፍ ካደረግን በኋላም ሞላ

ትኬት_ቤት

ሰላም ወገኖች። ጉዳዩ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ሳይት ነው። ፊት ለፊት ሁለት የዌብ ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋ ራም፣ ኤንጂንኤክስ እና ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም 8.1። ከኋላ አንድ የዳታቤዝ ሰርቨር አለ፤ 8 ጊጋ ራም፣ ማይኤስኪውኤል 8.0። ኮዱ ፍሬምወርክ የለውም፣ ከዳታቤዙ ጋር በፒዲኦ (በፒኤችፒ የዳታቤዝ መገናኛ) ነው የሚገናኘው።

ምሽት ላይ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ፣ ሳይቱ 500 ኤረር ያወጣል። ሎጉ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦

ኤስኪውኤልስቴት [ኤችዋይ000] [1040] ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ

ገደቡ (ማክስ_ኮኔክሽንስ፣ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው የኮኔክሽን ቁጥር) መጀመሪያ 151 ነበር፤ 500 አደረግነው። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን 500ውም ሞላ። ማይኤስኪውኤልን ሪስታርት ስናደርገው ቀለል ይለውና በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ግራ የሚያጋባው የዳታቤዙ ሲፒዩ ከ15 በመቶ አያልፍም። ሾው ፉል ፕሮሰስሊስት 490 ምናምን መስመር ያወጣል፤ ዓይነቱ ይህን ይመስላል (የኮኔክሽን ቁጥር፣ ዩዘር፣ ማሽን፣ ኮማንድ፣ ጊዜ በሰከንድ)፦

88412 | ዌብ | 10.0.0.11 | ስሊፕ | 2871
88413 | ሪፖርት | 10.0.0.11 | ስሊፕ | 2871
88507 | ዌብ | 10.0.0.12 | ስሊፕ | 1940
88508 | ሪፖርት | 10.0.0.12 | ስሊፕ | 1940
89120 | ዌብ | 10.0.0.12 | ስሊፕ | 23
89133 | ዌብ | 10.0.0.11 | ኪዌሪ | 19 | ሴሌክት … ፍሮም ወንበር … ፎር አፕዴት

ሌላ የሚጠቅም መረጃ፦ ኤፍፒኤም ስታቲክ ነው፣ ማክስ_ቺልድረን (ሪክዌስት የሚያስተናግዱ የፒኤችፒ ፕሮሰሶች ቁጥር) በየሰርቨሩ 120። ኤስኤምኤስና ኢሜይል የሚልኩ 12 የኪው ዎርከሮች አሉ። ዌይት_ታይምአውትን (ሥራ የፈታ ኮኔክሽን የሚቆረጥበትን ጊዜ) አልነካነውም። ኮዱ ውስጥ የትም ቦታ ኮኔክሽን አንዘጋም። ሊክ ነው (ተከፍቶ ሳይዘጋ የሚቀር ኮኔክሽን)? ወይስ ወደ 1000 ከፍ እናድርገው?

የታች_ሰረዝ

1000 አታድርጉት፣ ሊክም አይደለም። የማባዛት ሂሳብ ነው።

(የቫሪያብሎቹን ስም በፊደል ስለምጽፍ ተርሚናል ላይ ወደ ላቲን መልሷቸው፤ የታች ሰረዙ ግን እንዳለ ነው።)

ፒኤችፒ ስክሪፕቱ ሲያልቅ የከፈተውን ኮኔክሽን ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ «የትም ቦታ አንዘጋም» ያልከው ጥፋት አይደለም። እንዲያም ሆኖ ከዌብ ሰርቨር መጥቶ 2871 ሰከንድ ሙሉ ስሊፕ ላይ የተኛ ኮኔክሽን ካየህ፣ ፒዲኦ ሲከፈት ኤቲቲአር_ፐርሲስተንት ትሩ ተደርጓል ማለት ነው። ኮዱን ሳላይ እወራረዳለሁ። ምስክሩ የራስህ ዝርዝር ነው፦ 88412 እና 88413 ተከታታይ ቁጥር፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ዕድሜ፣ ሁለት ዩዘር። አንድ የኤፍፒኤም ቻይልድ ሁለት ኮኔክሽን ከፍቶ ታቅፎ ተቀምጧል።

ፐርሲስተንት ሲሆን እያንዳንዱ ቻይልድ ለእያንዳንዱ የተለየ የዳታቤዝ አድራሻ (ዲኤስኤን) እና ዩዘር አንድ አንድ ኮኔክሽን ይይዛል፤ ሪክዌስቱ አልቆም አይለቀውም። የእናንተ ሂሳብ እንዲህ ነው፦

120 ቻይልድ × 2 ሰርቨር × 2 ዩዘር = 480
12 ዎርከር ሲጨመር 492

የቀረችው ስምንት ለክሮን (በሰዓቱ በራሱ ለሚነሳ ሥራ)፣ ለባክአፕና ለሰው ናት። 500ው ሁለት ቀን የቆየው ሁሉም ቻይልድ የሪፖርቱን ገጽ ገና ስላልነካው ነው። 1000 ብታደርገው አይሞላም፣ እውነት ነው። ግን 480 ኮኔክሽን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ የሚጀምርበት ምሽት ሲመጣ 8 ጊጋው አይችለውም። የተኛ ኮኔክሽን የሚበላው ሜሞሪ ትንሽ ነው፤ ሲነቃ ግን ሶርት_በፈር፣ ጆይን_በፈር፣ ሪድ_በፈር እያለ ለየራሱ ይወስዳል። ያኔ 1040 የሚለው ኤረር ይቀርና ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ የሚገድለው የሊኑክሱ ኦኦኤም ኪለር ማይኤስኪውኤልን ራሱን ይገድለዋል። ያ ከዚህ የባሰ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ፐርሲስተንቱን ፎልስ አድርጉት። ዌብ ሰርቨሩና ዳታቤዙ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ እስካሉ አዲስ ኮኔክሽን መክፈት ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ ማይኤስኪውኤልም ለዚሁ ብሎ ትሬድ ካሽ አለው። ፐርሲስተንት ለቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ፒዲኦ ያልተጠናቀቀን ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞችን) ሪክዌስቱ ሲያልቅ ሮልባክ ያደርጋል፤ ሎክ ቴብልስን፣ ቴምፖራሪ ቴብልን፣ በሴት ሴሽን የተቀየረን ነገር ግን አያጸዳም። የአንዱ ተጠቃሚ ትርፍራፊ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። (ሌላው የፒኤችፒ መገናኛ ማይኤስኪውኤልአይ በነባሪው ያጸዳል፣ ፒዲኦ አያደርገውም።)

ኮዱን ከቀየራችሁ በኋላ ኤፍፒኤምን ሪሎድ ማድረግ የግድ ነው፤ አሮጌዎቹ ቻይልዶች የያዙትን እስኪሞቱ ድረስ አይለቁም። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ፕሮሰስ_ኮንትሮል_ታይምአውት ነባሪው 0 ስለሆነ ሪሎዱ በሥራ ላይ ያለ ሪክዌስት ሊቆርጥ ይችላል። ክፍያ መሐል ላይ ያለ ሰው እንዳይቆረጥ ቀድማችሁ 20 ሰከንድ አድርጉት።

ቀጥሎ 120 ከየት መጣ? 4 ጊጋ ላይ 120 ቻይልድ በዳታቤዙም ባይሆን በራሱ ሰርቨር ላይ ችግር ነው። በፒኤስ ትእዛዝ የአንዱን ቻይልድ አርኤስኤስ (የያዘውን ራም) እዩ። 60 ሜጋ ነው እንበል። ለሲስተሙና ለኤንጂንኤክስ 1 ጊጋ ተዉለት፤ 3000 ለ60 ሲካፈል 50። አርኤስኤስ የጋራውን ኦፕካሽ (የተዘጋጀ ኮድ የሚቀመጥበትን ሜሞሪ) ደጋግሞ ስለሚቆጥር ትንሽ ይጋነናል፤ ወደ ጥንቃቄው ቢያጋድል አይጎዳም።

50 × 2 = 100፣ 12 ዎርከር፣ ለክሮንና ለባክአፕ 5። ድምሩ 117። 151 ይበቃችሁ ነበር።

ሌሊት_ተረኛ

የላይኛው መልስ ትክክል ነው፣ ግን እኔ ያስፈራኝ ከዝርዝሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ናቸው። ፐርሲስተንቱን ብቻ ካጠፋችሁ ቀን ቀን ጸጥ ይልና ምሽት ላይ ተመልሶ ይመጣል።

89120 ስሊፕ 23 ይላል። 89133 ፎር አፕዴት ብሎ (ረድፉን ለመቆለፍ) 19 ሰከንድ ይጠብቃል። ስሊፕ ማለት ዳታቤዙ ሥራ የለውም፣ ከኮዱ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ታዲያ 89133 ማንን ነው የሚጠብቀው? ይህን አሂዱ፦

ሴሌክት * ፍሮም ሲስ.ኢኖዲቢ_ሎክ_ዌይትስ

ብሎኪንግ_ፒአይዲ በሚለው ዓምድ ስር 89120 ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ኢኖዲቢ_ቲአርኤክስን በቲአርኤክስ_ስታርትድ ደርድራችሁ እዩ፤ 89120 ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ ቲአርኤክስ_ኪዌሪው ናል ሆኖ ይገኛል። ወንበሩን ቆልፎ ኮዱ ሌላ ቦታ ሄዷል። የት ሄደ? ትኬት ሻጭ ሳይት ላይ መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ የክፍያ አገልግሎቱን ኤፒአይ በከርል (ሌላ ሰርቨር በኔትወርክ በሚጠራው መሣሪያ) ጠርቶ መልስ እየጠበቀ ነው።

ይህ ለምን ኮኔክሽን ይሞላል? አንድ ሰው የወንበር 7ን ረድፍ ቆልፎ 25 ሰከንድ ከርል ላይ ይቆማል። ያንኑ ወንበር የነኩ ሌሎች ስድስት ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ቻይልድና አንድ ኮኔክሽን ይዘው ነው የሚጠብቁት። ኢኖዲቢ_ሎክ_ዌይት_ታይምአውት ነባሪው 50 ሰከንድ ነው፤ እስከዚያ ድረስ 1205 ብሎ አያሰናብታቸውም። ተጠቃሚው ደግሞ ገጹ ሲዘገይበት ሪፍሬሽ ይጫናል። አሮጌው ሪክዌስት እዚያው እንዳለ አዲስ ተጨመረ።

በቁጥር ልየው፦ 100 ቻይልድ ካለህና አንድ ሪክዌስት 0.2 ሰከንድ ከወሰደ በሰከንድ 500 ታስተናግዳለህ። ሪክዌስቱ 20 ሰከንድ ከወሰደ ግን በሰከንድ 5። በ240 ቻይልድም ቢሆን 12 ነው። ገደብ ከፍ በማድረግ የሚፈታ አይደለም።

ደግሞ ፒኤችፒን አትመኑት። ሊኑክስ ላይ ማክስ_ኤክሰኪውሽን_ታይም የሚቆጥረው ኮዱ ራሱ የሠራበትን ጊዜ ነው፤ ዳታቤዝ ወይም ኔትወርክ ሲጠብቅ ያለፈውን አይቆጥርም። 30 ሰከንድ ብላችሁ አስቀምጣችሁ ሪክዌስቱ አምስት ደቂቃ ሊቆም ይችላል። የሚይዘው የኤፍፒኤም ሪክዌስት_ተርሚኔት_ታይምአውት ነው። ከርልም በነባሪው ጠቅላላ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ለመገናኘት ብቻ 300 ሰከንድ ይታገሣል። ከርልኦፕት_ኮኔክትታይምአውት 5፣ ከርልኦፕት_ታይምአውት 15 አድርጉ።

የኮዱን ቅርጽ ግን መቀየር አለባችሁ። ኤፒአይ ጥሪ ትራንዛክሽን ውስጥ አይገባም። በሦስት ቁረጡት።

አንደኛው፣ ወንበሩን ማስያዝ። ፎር አፕዴት አያስፈልግም፤ አንድ አፕዴት ይበቃል፦ «የዚህን ወንበር ሁኔታ ‹ተይዟል› አድርግ፣ ማብቂያውን ከአሁን 10 ደቂቃ አድርግ፣ ክፍት ከሆነ ወይም የቀድሞው ማብቂያ ካለፈ ብቻ።» ከዚያ ስንት ረድፍ ተነካ ብለህ ጠይቅ። 1 ካለ ወንበሩ ያንተ ነው፤ 0 ካለ ሌላ ሰው ቀድሞሃል፣ «ወንበሩ ተይዟል» ብለህ ወዲያው መልስ። ኮሚት። ይህ ሁሉ በሚሊሰከንዶች ያልቃል።

ሁለተኛው፣ ኤፒአዩን መጥራት። ከመጥራትህ በፊት ኮኔክሽኑን ልቀቅ። ፒዲኦውን ናል ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ከእሱ የወጣ የስቴትመንት ኦብጀክት በሌላ ቫሪያብል ከቀረ ኮኔክሽኑ ክፍት እንደሆነ ይቆያል። ሁለቱንም ናል አድርጋቸው።

ሦስተኛው፣ ውጤቱን መመዝገብ። እንደገና ተገናኝ፣ በክፍያው መለያ ቁጥር አፕዴት አድርግ። በመለያ ቁጥሩ ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ ይኑር፤ የክፍያ አገልግሎቶች ኮልባኩን («ተከፍሏል» የሚለውን መልእክት) ሁለትና ሦስት ጊዜ ይልካሉ፣ ትኬቱ ግን አንዴ ነው መቆረጥ ያለበት።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሰውዬው በ11ኛው ደቂቃ ቢከፍልስ? ወንበሩ ለሌላ ተሸጧል። የወንበሩ ማብቂያ ከክፍያ ገጹ ማብቂያ በሁለት ሦስት ደቂቃ ይርዘም፤ ያም ሆኖ የሚያመልጥ ስለማይጠፋ ገንዘብ የሚመልስ መንገድ ከአሁኑ ጻፉ።

ትኬት_ቤት

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ፐርሲስተንት ትሩ ነበር፤ ሎክ_ዌይትስ ላይም ብሎኪንግ_ፒአይዲው የክፍያውን ኤፒአይ የሚጠራው ፋይል የከፈተው ኮኔክሽን ነው።

ኮዱ እስኪስተካከል ዛሬ ማታን ለማለፍ ብዬ ሴት ግሎባል ዌይት_ታይምአውት = 60 አልኩ። ሾው ቫሪያብልስ ስል ግን አሁንም 28800 ይላል። የተኙትም አልተነሱም። ለምን?

የታች_ሰረዝ

ሁለት ወጥመድ በአንድ ጊዜ ነው የያዘህ።

ሾው ቫሪያብልስ የሚያሳየው የራስህን ሴሽን ነው። በማይኤስኪውኤል ክላየንት በእጅ ስትገባ ኢንተራክቲቭ ስለሆንክ የሴሽንህ ዌይት_ታይምአውት የሚሞላው ከኢንተራክቲቭ_ታይምአውት ነው፤ እሱ ደግሞ 28800 ነው፣ ስምንት ሰዓት። ሾው ግሎባል ቫሪያብልስ ብትል 60 ታያለህ።

ሁለተኛ፣ ግሎባል የተቀየረው ከዚያ በኋላ የሚከፈቱትን ብቻ ነው የሚመለከተው። የተከፈቱት በድሮው ስምንት ሰዓት ይቀጥላሉ። ዛሬ ማታን ለማለፍ ዩዘሩ ዌብ ወይም ሪፖርት የሆኑትን፣ ኮማንዳቸው ስሊፕ፣ ጊዜያቸው ከ120 በላይ የሆኑትን ከኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ፕሮሰስሊስት መርጠህ ኪል አድርግ። ከዚያ በፊት ግን ኢኖዲቢ_ቲአርኤክስ ውስጥ አለመኖራቸውን አረጋግጥ። ከሁሉ ቀላሉ ደግሞ ኤፍፒኤምን ሪሎድ ማድረግ ነው፤ ሁሉንም ይለቃል።

ዎርከሮቹን አትርሳ። ኤስኤምኤስ የሌለበት አምስት ደቂቃ ካለፈ 60ው ይቆርጣቸውና «ማይኤስኪውኤል ሰርቨር ሃዝ ጎን አዌይ» በሚለው 2006 ይወድቃሉ። ዎርከሩ ሲገናኝ በኢኒት_ኮማንድ «ሴት ሴሽን ዌይት_ታይምአውት = 3600» ይበል፣ ወይም 2006 ሲያይ እንደገና እንዲገናኝ አድርጉት።

ሴት ግሎባል በሪስታርት ይጠፋል። 8.0 ላይ ሴት ፐርሲስት ካልከው ራሱ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ማሪያዲቢ ላይ ሴት ፐርሲስት የለም፤ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ በእጅ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ፕሮክሲኤስኪውኤልን (ኮኔክሽን የሚያዳርስ ሶፍትዌር) በኮዱና በማይኤስኪውኤል መሐል ላይ አስቀምጡ። ኮዱ ወደ ፖርት 6033 ይገናኛል፣ እሱ ከኋላ በ40 ኮኔክሽን 500 ክላየንት ያስተናግዳል። አለቀ።

ሌሊት_ተረኛ

@ፊደል_ቆጣሪ ፕሮክሲኤስኪውኤል ጥሩ ዕቃ ነው፣ ለዚህ በሽታ ግን መድኃኒቱ አይደለም። አንዱን የኋላ ኮኔክሽን ለብዙ ክላየንት የሚያዳርሰው ክላየንቱ ትራንዛክሽን ውስጥ እስካልሆነ ድረስ ነው። ትራንዛክሽን ከተከፈተ፣ ቴምፖራሪ ቴብል ከተፈጠረ፣ ጌት_ሎክ ከተጠራ ኮኔክሽኑ ለዚያ ክላየንት ይታሰራል። እነዚህ ሰዎች ትራንዛክሽን ከፍተው 25 ሰከንድ ከርል ላይ ነው የሚቆሙት፤ 40ዎቹ ወዲያው ይታሰሩና ሰልፉ ከማይኤስኪውኤል ወደ ፕሮክሲው ይዛወራል። ኮዱ ከተስተካከለ በኋላ የዌብ ሰርቨሩ ቁጥር ስድስት ሰባት ሲደርስ ያኔ ይምጣ።

ፊደል_ቆጣሪ

ተቀብያለሁ። እንግዲያው ሌላ ነገር ልጨምር፤ ማንም አላነሳውም። ሪፖርት የሚባለው ዩዘር የዌቡን ድርሻ እንዳይበላ በዩዘር ገደብ አድርጉ፦ ኦልተር ዩዘር … ዊዝ ማክስ_ዩዘር_ኮኔክሽንስ። ለዌብ 110፣ ለሪፖርት 15፣ ለዎርከር 15። ያኔ ሪፖርቱ ቢያብድ ሪፖርቱ ብቻ ነው የሚወድቀው፣ ኤረሩም ከ1040 ይልቅ ማን እንዳጠፋ ስሙን ጠርቶ የሚናገር ይሆናል።

ደግሞ ኮዱ በሩት እየተገናኘ እንዳይሆን! ማይኤስኪውኤል ከገደቡ በላይ አንድ ትርፍ ቦታ ለአስተዳዳሪ ያስቀምጣል፤ ኮዱ በሩት ከገባ ያቺንም ይወስዳትና ሲሞላ እናንተ ራሳችሁ መግባት አትችሉም። ከ8.0.14 ወዲህ አድሚን_አድረስ የሚባል አለ፤ 127.0.0.1 ብላችሁ ከሰጣችሁት በፖርት 33062 ላይ ማክስ_ኮኔክሽንስ የማይመለከተው የአስተዳዳሪ በር ይከፈታል። የሚበራው በሪስታርት ስለሆነ ችግሩ ሳይመጣ ነው የሚዘጋጀው።

ሌላም አለ። ኮንፊግ ላይ 500 ጽፎ ሾው ግሎባል ቫሪያብልስ ሲል 214 የሚያይ ሰው ያጋጥማል። የኦፕን ፋይል ገደቡ 1024 ሆኖበት ነው፤ ማይኤስኪውኤል ሲነሳ ከ1024 ላይ ለቴብሎችና ለራሱ የሚያስፈልገውን ቀንሶ ማክስ_ኮኔክሽንስን በራሱ ወደ 214 ያወርደዋል፣ ኤረር ሎጉ ላይም ይጽፈዋል። መፍትሔው የሲስተምዲው ሊሚትኖፋይል ነው፤ ዩሊሚትን ሼሉ ላይ መቀየር ሰርቪሱን አይነካውም።

ብሎግ_ብቻ

ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ የኔ ዎርድፕሬስ ነው፣ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ። የሚመጣው 1203 ነው፣ «ማክስ_ዩዘር_ኮኔክሽንስ» ይላል። ኮንፊግ መንካት አልችልም።

የታች_ሰረዝ

@ብሎግ_ብቻ ያ ሆስቲንጉ ለአንተ አካውንት የሰጠው ድርሻ ነው፤ ሰርቨሩ ሞልቶ አይደለም። የምትቀንሰው የሪክዌስቱን ቁጥር ነው። ገጽ ሙሉ በሙሉ ካሽ የሚያደርግ ፕለጊን ጫን፤ ካሽ የተደረገ ገጽ ዳታቤዝ አይነካም። ደብሊውፒ-ኮንፊግ ላይ ዲሴብል_ደብሊውፒ_ክሮንን ትሩ አድርግና ከሲፓነል በየ15 ደቂቃው ክሮኑን ጥራው። ከዚያ አክሰስ ሎግህን ተመልከት፦ ኤክስኤምኤልአርፒሲንና የፍለጋ ገጹን የሚደበድብ ቦት ካለ ዝጋው። ካልበቃ ለብቻው ጥያቄ ክፈት፣ እዚህ ይጠፋል።

ትኬት_ቤት

ፐርሲስተንት ጠፍቷል፣ ክፍያው በሦስት ተቆርጧል፣ ማክስ_ቺልድረን በየሰርቨሩ 50 ሆኗል። የትናንት ምሽቱ ውጤት፦ ማክስ_ዩዝድ_ኮኔክሽንስ 74፣ ትሬድስ_ረኒንግ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በታች። 1040 አንድም የለም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ማክስ_ዩዝድ_ኮኔክሽንስ_ታይም 15:07 ይላል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሳይቱ ባዶ ነው። ሁለተኛ፣ አሁን አልፎ አልፎ 502 ይመጣል። የኤንጂንኤክስ ሎግ ስለ ኤፍፒኤሙ ሶኬት «ሪሶርስ ቴምፖራሪሊ አንአቬይለብል» ይላል።

ሌሊት_ተረኛ

15:07ቱ የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ ስለሆነ ነው። 3 ጨምርበት፣ 18:07 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12:07። ሰው ከሥራ ወጥቶ ስልኩን የሚያነሳበት ሰዓት ነው፣ ከአክሰስ ሎጉ ጋር ስታመሳክር ይህን አትርሳ።

502ቱ የኤፍፒኤም ወረፋ ሞልቶ ነው። 50ዎቹ ቻይልዶች ሲያዙ የሚመጣው ሪክዌስት በሊስን.ባክሎግ ወረፋ ይቆማል፤ ነባሪው 511 ነው። ግን የከርነሉ ሶማክስኮን (የወረፋ ጣሪያ) ከዚያ ካነሰ የሚሠራው የከርነሉ ነው። ከ5.4 በፊት ባሉ ከርነሎች 128 ነበር፣ ከዚያ ወዲህ 4096። መጀመሪያ ሲስሲቲኤል ላይ ኔት.ኮር.ሶማክስኮን ስንት እንደሆነ እይ።

ወረፋውን ማስረዘም ግን ሁለተኛ ሥራ ነው። አንደኛው 50ውን ማን እንደያዘው ማወቅ ነው። ፒኤም.ስታተስ_ፓዝን ክፈትና (ከውጭ እንዳይታይ ለ127.0.0.1 ብቻ ፍቀድ) «አክቲቭ ፕሮሰስስ» (ሥራ ላይ ያሉት) የሚለውን ተከታተል። ሪክዌስት_ስሎውሎግ_ታይምአውትን 5 ሰከንድ አድርግ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ የቆመ ሪክዌስት ሁሉ የትኛው ፋይል የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ይጽፍልሃል። ገና ሳላየው የምገምተው ከርል_ኤክሴክ ነው፦ ዳታቤዙን ለቃችኋል፣ ቻይልዱን ግን አሁንም ይይዘዋል።

ስለዚህ ለክፍያው የራሱን ፑል (የቻይልዶች ቡድን) ስጠው። በኤፍፒኤም ሁለተኛ ፑል ፍጠር፣ የራሱ ሶኬት፣ ማክስ_ቺልድረን 10፣ ሪክዌስት_ተርሚኔት_ታይምአውት 30 ሰከንድ። ዋናውን ወደ 40 አውርድ፤ ድምሩ ያው 50 ስለሆነ የሜሞሪውም የኮኔክሽኑም ሂሳብ አይናጋም። ኤንጂንኤክስ ላይ የክፍያውን መንገድ በሎኬሽን ለይተህ ወደዚያ ሶኬት ላከው። የክፍያ አገልግሎቱ የዘገየ ዕለት አሥሩ ይሞላሉ፣ ወንበር የሚፈልጉት ግን አይነኩም።

ትኬት_ቤት

ሶማክስኮን 4096 ነው። ስሎውሎጉ ከ31 መስመር 28ቱ ከርል_ኤክሴክ፣ ሦስቱ የሪፖርቱ ገጽ። ፑሉን እየለየሁ ነው። ኮልባኩን የሚቀበለውስ ፋይል በየትኛው ፑል ይሁን?

ሌሊት_ተረኛ

በዋናው። ኮልባክ ተቀባዩ ከርል አይጠራም፣ ተቀብሎ መዝግቦ ይወጣል። በአሥሩ ፑል ካስገባኸው ክፍያ መጥራቱ ሲጨናነቅ «ተከፍሏል» የሚለው መልእክትም እዚያው ተሰልፎ ይቀራል፤ ሰውዬው ገንዘቡ ተቆርጦ ትኬት ሳያገኝ ይቆያል።